ጥያቄና መልስ፦ ጳጳስ የተወዳጀው ፈላስፋ ትምህርቱ ለእኛ ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለንደን የምኖር ተማሪ ነኝ። ለጥናቴ ስለ ሰርቢያዊው ፈላስፋ ዲሚትሪዬ ሚትሪኖቪችና በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል እዚሁ ከተማ በዙሪያው ስለ ተሰበሰበው ክበብ እያነበብሁ ነው። ሰርቦች ቅዱስ የሚሏቸው ጳጳስ ኒኮላይ ቬሊሚሮቪች ወዳጁ እንደ ነበሩ ሳውቅ ልቤ ወደ ትምህርቱ አዘነበለ። አብረውኝ የሚያነቡ ጓደኞቼም እርሱ ባስለመደው መንገድ መሰብሰብ ጀምረዋል። ብገባ ነውር አለው? መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። ልብሽን የሳበው ወዳጅነቱ ነውና ከእርሱ ልጀምር። ሚትሪኖቪች እ.ኤ.አ. በ1887 በሄርዜጎቪና ተወልዶ፣ ጦርነቱ በፈነዳበት በ1914 ለንደን ገባ። አባ ኒኮላይ ያን ጊዜ ገና ጳጳስ አልነበሩም፤ ስለ አገራቸው ሊናገሩ ወደ እንግሊዝ ተልከው ሳለ ተቀራረቡ። ሁለቱም የሰውን ልጅ አንድነት አብዝተው ይሰብኩ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን መንገዳቸው ለየቅል ሆነ። ኒኮላይ በ1919 ጵጵስና ተሾሙ፤ በኋላም በባልካን ወዳለችው ኦህሪድ ከተማ ሄደው የገበሬዎችን የጸሎት ማኅበር መምራት ያዙ። ሚትሪኖቪች ግን ለንደን ቀረ፤ በ1927 በዚያው በጎወር ጎዳና የኦስትሪያዊውን ሐኪም የአልፍሬድ አድለርን ሥነ ልቦና የሚያጠና ማኅበር አቋቋመ። በጦርነት ጊዜ የነበረ ወዳጅነት ኋላ ለመጣ ትምህርት ቡራኬ አይሆንም። ደግሞም ኒኮላይን በ2003 ቅዱስ ያለቻቸው የሰርቢያ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በወሰነው በኬልቄዶን ጉባኤ ነገር ከእኛ ትለያለች፣ በእኛ ስንክሳርም የሉም። ጽድቃቸውን ልመዝን አልደፍርም፤ ስማቸው ግን ለዚህ ጉዳይ ምስክር ሊሆነን አይችልም።

ወደ ትምህርቱ ስንመጣ፣ ሚትሪኖቪች የሰው ዘር ሁሉ አንድ አካል ነው፣ ሕዝቦችም ብልቶቹ ናቸው ይል ነበር። ቅዱስ ጳውሎስን ለለመደ ጆሮ ይህ አይጎረብጥም፤ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። የሐዋርያው አካል ግን ራስ አለው፤ «እርሱም የአካሉ ማለት የቤተ ክርስቲያን ራስ ነው» ብሎ ለቆላስይስ ሰዎች ጽፏል። ብልት የምንሆነውም በጥምቀትና በሥጋ ወደሙ ነው። ሚትሪኖቪች ከዚህ አልፎ መገለጥን ሦስት ያደርጋል፦ መጀመሪያ የጥንቱ ጥበብ፣ ቀጥሎ ክርስቶስ፣ በመጨረሻ የሰው ልጅ ራሱ የሚፈጽመው። ልብ በዪ፣ ክርስቶስን አልናቀም፤ አክብሮ አልፎት ሄደ። እኔን ከግልጽ ክህደት ይልቅ የሚያሰጋኝ እንዲህ ያለው ነው። የዕብራውያን መልእክት «በልጁ በዚህ ዘመን መጨረሻ ለእኛ ተናገረን» ይላል። ከመጨረሻው ወዲያ ሦስተኛ ከየት ይመጣል?

ይህን ስል ፍልስፍና አትንኪ ማለቴ አይደለም። ሰው ራሱን በአምላክ ቦታ የሚያስቀምጥበትን አስተሳሰብ አጥብቀው የተቃወሙት ሰርቢያዊው መነኩሴ ዩስቲን ፖፖቪች፣ በ1938 የሰርቢያን የፍልስፍና ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ናቸው።

ስብሰባው ሌላ ነገር ነው። በሚትሪኖቪች ክበብ አባላቱ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ጠባይ ፊት ለፊት ይነቅፍ ነበር፤ ሰውን ያንጻል ብለው ነው። ጓደኞችሽ የያዙት ይህን ከሆነ አትግቢ። አንቺ ንስሐ ስትገቢ የራስሽን ኃጢአት ለካህን ትናገሪያለሽ፤ እርሱ ምሥጢርሽን ይጠብቃል፣ ቀኖና ይሰጥሻል፣ ይፈታሻል። እዚያ የሚፈታሽ የለም፤ ገመናሽን የሰማ ሁሉ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ማንበብሽ ከቁርባን አያግድሽም። ከዚህ ቀደም ስብሰባው ውስጥ ገብተሽ ከነበረ ግን ለንስሐ አባትሽ ሳትሸሽጊ ንገሪያቸው፤ የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ጥናትሽንም ጨርሺው፤ ሚትሪኖቪችን ያለውን እንዳለ ጻፊለት እንጂ ቃሉን አለሳልሰሽ ኦርቶዶክስ ልታደርጊው አትድከሚ።