መልስ፦ የድሮ ዌስተርን ስዊንግ የስቲል ጊታር ቅጂዎች ፍለጋ

ወንድሜ፣ የ1930ዎቹንና የ40ዎቹን የዌስተርን ስዊንግ (ካንትሪና ጃዝ የተቀላቀለበት የአሜሪካ የዳንስ ሙዚቃ) ስቲል ጊታር (ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ጊታር) ቅጂዎች ከየት ላግኝ ላልከው፣ በተጫዋች ስም ብትጀምር ይሻልሃል። ሸክላው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የባንዱ ስም ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቦብ ደንን ስማው። በ1935 ከሚልተን ብራውን ባንድ ጋር ለዴካ ሸክላ ኩባንያ ሲቀረጽ ስቲሉን በኤሌክትሪክ ነበር የተጫወተው። ትሮምቦን የሚነፋ እንጂ ክር የሚመታ አይመስልም! ቀጥሎ በባንድ መሪው ቦብ ዊልስ ባንድ ውስጥ የነበረው ሊዮን ማኮሊፍ፤ በ1936 በተቀረጸው «ስቲል ጊታር ራግ» ላይ ስቲሉን የተጫወተው እሱ ነው። ለእኔ ግን ቁንጮው ከስፔድ ኩሊ ባንድ ጋር የተጫወተው ዋኪን መርፊ ነው።

ሳንታ ባርባራ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የድሮ ሸክላዎችን ዝርዝር በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። ቅጂው መቼና የት እንደተቀረጸ፣ አንዳንዴም ማን እንደተጫወተ ታያለህ። የሸክላውን ቁጥር ይዘህ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ላይ ፈልግ፤ አንዳንዱን እዚያው ትሰማዋለህ።

የዊልስን «ቲፋኒ ትራንስክሪፕሽንስ» የተባሉ ቅጂዎች ደግሞ እንዳታልፍ። በ1946 እና በ1947 ለሬዲዮ ጣቢያዎች የተቀዳ ስለሆነ ሶሎዎቹ (አንዱ ተጫዋች ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትባቸው ክፍሎች) ለቀቅ ያሉ ናቸው። ዊልስ ሶሎ ሊጀመር ሲል የተጫዋቹን ስም ጮክ ብሎ ስለሚጠራ፣ ማን እየተጫወተ እንደሆነ ከራሱ አፍ ትሰማለህ። በኋላ በኤልፒ (ከድሮው ሸክላ በኋላ የመጣው ረጅም ሸክላ) እና በሲዲ ወጥቷል።

ኦሪጅናሉን ሸክላ ካልገዛሁ ካልክ ግን በኤልፒ መርፌ አታጫውተው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የድሮ ሸክላ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ሰፊ ስለሆነ ለእሱ የተሠራ መርፌ ይፈልጋል። በፖስታ ሲመጣም በቀላሉ ይሰበራል፤ ሻጩ በወፍራም ካርቶን መሀል አድርጎ እንዲያሽገው አስቀድመህ ንገረው።