ናሙናው የማን አካል ነው?

በሐዋሳና በወንዶ ገነት ባዮሎጂና የደን ሳይንስ ለምትማሩ ልጆቼ ይህን የምጽፈው፣ ወደ ዘረመል ጥናት የምትገቡት ብዙዎቻችሁ ስለ መሣሪያውና ስለ ኮምፒውተሩ ፕሮግራም አብዝታችሁ ስትጠይቁ፣ ናሙናው ከየትኛው የአካል ክፍል እንደተቆረጠ ግን እምብዛም ስለማትጠይቁ ነው። ይህን ለማስረዳት ከትራፍል ታሪክ የተሻለ አላውቅም።

ትራፍል በአውሮፓ ከኦክና ከሃዘል ዛፎች ሥር ጋር ተቆራኝቶ የሚኖር፣ ፍሬውን ከመሬት በታች የሚያፈራ ፈንገስ ነው። ከአፈር ስለማይወጣ ነፋስ ስፖሩን፣ ማለትም እንደ ዘር የሚራባበትን ደቃቅ አካል፣ ሊበትንለት አይችልም፤ ስለዚህ ሲበስል ጠንካራ ጠረን ይለቅቃል፣ የዱር አሳማና አይጥ በጠረኑ ተስበው ቆፍረው ይበሉታል፣ ስፖሩም ሳይፈጭ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ሌላ ቦታ ይወድቃል።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥቁሩን ትራፍል ዘረመል የመረመሩ ሰዎች ከሥጋው ዲኤንኤ ሲያወጡ የሁለት ወላጆች ምልክት ፈጽሞ ስላላዩ፣ ትራፍል ራሱን በራሱ ያዳቅላል ወደሚል ግምት አዘነበሉ። ላብራቶሪው አልተሳሳተም፤ ሥጋው ግን የእናት ብቻ ነበር። የሲዳማን አቮካዶ አስቡት፤ የምንበላው ሥጋ የእናቲቱ ዛፍ አካል ሲሆን፣ የአባት ድርሻ ያለው በውስጡ ባለው ዘር ነው።

ስፖሩ ሳይነበብ የቆየው በስንፍና አይደለም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጥቁሩ ትራፍል ስፖር ጠቆር ያለና ዙሪያውን እሾሃማ ነው፤ በአንዲት ከረጢት ውስጥም ከ1 እስከ 6 ይቀመጣል። ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ፣ ለሥጋው የሚበቃው የዲኤንኤ ማውጫ ዘዴ አይሰብረውም። የጣሊያን ተመራማሪዎች ግድግዳውን ሰብረው ስፖሩን ለብቻው ሲያነብቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በሌላው ዝርያ በነጩ፣ በ2008 ደግሞ በጥቁሩ ትራፍል፣ በሥጋው ውስጥ ያልነበረው የአባት ዘረመል ተገኘ። የጥቁሩ ጂኖም (ጠቅላላ ዘረመሉ) እ.ኤ.አ. በ2010 ከታተመ በኋላም ሁለት የመዳቀያ ዓይነቶች እንዳሉትና አንዱ ያለ ሌላው እንደማያፈራ ታወቀ።

ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ቀጥሎ የመጣው የሜትር ሥራ ነው። እያንዳንዱ ትራፍል የተገኘበት ቦታ በካርታ ላይ ሲሰፍር፣ እናቶቹ ለዓመታት በአንድ ዛፍ ዙሪያ እንደሚቆዩ፣ አባቶቹ ግን በአብዛኛው ከዓመት ዓመት እንደሚለዋወጡ ታየ። በአንድ ዛፍ ሥር ያሉት እናቶች ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ የመዳቀያ ዓይነት ስላላቸው፣ አባት ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፤ አንዳንድ ገበሬዎች ስፖር ያለበት አፈር ከዛፎቻቸው ሥር የሚቀብሩት ከዚህ የተነሣ ነው። የናሙናዎቹ ርቀት ባይመዘገብ ኖሮ ይህ ሁሉ ተሰውሮ በቀረ ነበር (የዘንድሮ ተማሪዎች ሜትር መጎተት ያሳፍራቸዋል መሰለኝ)።

እናንተ ትራፍል ፍለጋ አውሮፓ መሄድ አይጠበቅባችሁም። በወንዶ ገነት ደን የዝግባን ፍሬ ወፎችና ጦጣዎች ይበሉታል፣ ዘሩም ከእናቱ ርቆ ይወድቃል። የዘሩ ጠንካራ ቅርፊት የእናት አካል ነው፤ ውስጡ ያለው ፅንስ ግን የሁለቱም ወላጆች ነው። ቅርፊቱን ከቆሙት ዛፎች ዲኤንኤ ጋር ብታነጻጽሩ ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ ታገኛላችሁ፤ ፅንሱን ብታክሉበት ደግሞ የአባቱ የአበባ ብናኝ ከየት እንደመጣ ልታውቁ ትችላላችሁ። ሁለቱን በተለያየ ፖስታ ክተቱ፤ በእያንዳንዱም ላይ ዘሩ የወደቀበትን ቦታና በአቅራቢያው ካለው የዝግባ ዛፍ ያለውን ርቀት እዚያው ደኑ ውስጥ ሳላችሁ ጻፉበት።