ክሊክ ሳደርግ ቀለሙ አንዳንዴ የሚቀየረው፣ አንዳንዴ እምቢ የሚለው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ ፕሮሰሲንግ (በኮድ ሥዕል የሚሠራበት የፕሮግራሚንግ መሣሪያ) ላይ ክቡ ክሊክ ሲደረግ እንዲቀላ፣ ድጋሚ ሲደረግ ወደ ነጭ እንዲመለስ ፈልገህ አንዳንዴ ብቻ እንደሚሠራልህ ጽፈሃል። ጀማሪዎችን ሳግዝ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ጥያቄ ነው። ቡሊያንህ (ትሩ ወይም ፎልስ፣ ማለትም እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዘው ቫሪያብል «ቀይ») ደህና ነው፤ ችግሩ የምትገለብጥበት ቦታ ላይ ነው።

ድሮው (ሥዕሉን ደጋግሞ የሚስለው ፈንክሽን) ውስጥ «ማውሱ ከተጫነ፣ ቀይ = !ቀይ» የሚል መስመር አለህ፤ «!» ዋጋውን ይገለብጠዋል። ድሮው ደግሞ ፍጥነቱን ካልቀየርክለት በሴኮንድ እስከ 60 ጊዜ ይሮጣል። ማውሱን ለአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ብትጫነው እንኳ መስመሩ 6 ጊዜ ያህል ይፈጸማል፦ ትሩ፣ ፎልስ፣ ትሩ፣ ፎልስ እያለ። ስትለቅ ቁጥሩ ኢ-ተጋማሽ ከሆነ ቀለሙ ይቀየራል፤ ተጋማሽ ከሆነ ግን የነበረበት ይመለሳል። እስኪ ተጭነህ ቆይ፣ ክቡ ሲብለጨለጭ ታየዋለህ።

ፕሮሰሲንግ ውስጥ ማውስፕሬስድ የሚባሉ ሁለት ነገሮች መኖራቸው ብዙ ሰው ያምታታል። ቅንፍ የሌለው ቫሪያብል ነው፤ ማውሱ እስከተጫነ ድረስ ትሩ ሆኖ ይቆያል፣ እየጎተቱ መስመር ለመሳል ግሩም ነው። ቅንፍ ያለው ፈንክሽን ነው፤ በአንድ ክሊክ አንዴ ብቻ ይጠራል። ያንተ መገልበጫ መግባት ያለበት እዚህ ፈንክሽን ውስጥ ነው። ድሮው ቀይ የሚለውን ቫሪያብል አይቶ ፊሉን (የመሙያ ቀለሙን) ይምረጥና ክቡን ይሳል፤ ዋጋውን አይንካው።

ቡሊያኑንም ከሴትአፕ (መጀመሪያ ላይ አንዴ ብቻ ከሚሮጠው ፈንክሽን) እና ከድሮው ውጭ፣ ከላይ ዲክሌር አድርገው። ድሮው ውስጥ ከሆነ በየፍሬሙ (ድሮው በሮጠ ቁጥር) እንደ አዲስ ከፎልስ ይጀምራል፣ ያለፈውን ክሊክ የሚያስታውስ ነገር አይኖርህም።

ኢፍ (ሁኔታ መጠየቂያው) ላይ ደግሞ እባክህ «ቀይ = ትሩ» እንዳትጽፍ። በቁጥር ቢሆን ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ኤረር ሰጥቶ ያስቆምህ ነበር። በቡሊያን ግን ዝም ብሎ ያልፍሃል፣ ቀዩንም ሁልጊዜ ትሩ ያደርገዋል። ኢፍ (ቀይ) ብቻ ይበቃል።

ክሊኩ ክቡ ላይ ሲያርፍ ብቻ እንዲሠራ ከፈለግህ ከማውሱ እስከ ክቡ መሃል ያለውን ርቀት በዲስት (ርቀት በሚለካው ፈንክሽን) ለካውና ከራዲየሱ ያነሰ መሆኑን ጠይቅ፤ መልሱ ራሱ ቡሊያን ነው። ክቡን በሚስለው ኤሊፕስ ላይ የምትሰጠው ቁጥር ግን ዲያሜትር ስለሆነ ለ2 ማካፈሉን አትርሳ።