የኩላሊት ንቅለ ተከላ በስተርጅና፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 72 ዓመታቸው ነው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት (ደምን በማሽን ማጣራት) ያደርጋሉ። «ለንቅለ ተከላ ዕድሜያቸው አልፏል» ተባልን። እውነት ነው?

መልስ፦ ዕድሜ ብቻውን በር አይዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኬዲጎ (የኩላሊት ሕክምና መመሪያዎችን የሚያወጣ ድርጅት) ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ማንም ታካሚ በዕድሜው ምክንያት ብቻ እንዳይገለል ይመክራል። የሚመረመረው አባትዎ ልባቸውና የደም ሥሮቻቸው ቀዶ ሕክምናውን መቋቋማቸው፣ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ካንሰር አለመኖሩ፣ ያለ ድጋፍ መራመድና ራሳቸውን መንከባከብ መቻላቸው ነው። ጠንካራ የ75 ዓመት አዛውንት ከደከመ የ60 ዓመት ሰው የተሻለ ዕጩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በእጥበት ቢቆዩስ አይሻልም?

መልስ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የሞት አደጋው በእጥበት ከመቆየት ይበልጣል፤ ከወራት በኋላ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ስለዚህ ያ የመጀመሪያ ጊዜ የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማካካስ የሚበቃ ዕድሜ ይጠበቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። እጥበት ላይ ብዙ ዓመት ከቆዩ በኋላ የሚደረግ ንቅለ ተከላ ውጤቱ ይቀንሳል፤ በእኔ እይታ አዛውንቶችን ከዕድሜያቸው ይልቅ የሚጎዳቸው ይህ መዘግየት ነው።

ጥያቄ፦ ኩላሊታቸው የታመመ እናቴ ደግሞ «ልጄን አጉድዬ አልኖርም» ብለው ኩላሊቴን እምቢ አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አያስገድዷቸው፤ ስጋታቸው መሠረት አለው። በሚገባ የተመረመረ ለጋሽ በአንድ ኩላሊት ጤናማ ሆኖ ይኖራል፤ ሆኖም ወደፊት ኩላሊቱ የመድከም ዕድሉ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ልጅ መውለድ ለምታስብ ሴት ደግሞ በእርግዝና ወቅት የደም ግፊት ሊያይል ይችላል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ንቅለ ተከላ በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልገሳ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ምናልባት የእናትዎ እኅት ወይም ወንድም ፈቃደኛ ሆነው ከተገኙ ዕድሜያቸው ብቻ አያስከለክላቸውም። ለምሳሌ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ፣ ከ65 ዓመት በላይ ሆነው ያረፉ ሰዎች ኩላሊት በዚያው ዕድሜ ላሉ ታካሚዎች የሚሰጥበት መርሐ ግብር አለ።

ጥያቄ፦ አሮጌዎቹ ኩላሊቶች ይወጣሉ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው ይቀራሉ፤ አዲሱ በታችኛው ሆድ በአንድ በኩል ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወሰደው መድኃኒት ለአዛውንት አይከብድም?

መልስ፦ በዕድሜ የሰውነት መከላከያ ስለሚዳከም ኩላሊቱን የመግፋት ነገር ይቀንሳል፤ ነገር ግን ኢንፌክሽን፣ የቆዳ ካንሰርና ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ በሆነው በፕሬድኒሶሎን ምክንያት የሚመጣ የስኳር በሽታ ይበረታሉ። ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ይችላል፤ ታካሚው ግን ደህና ነኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ ታክሮሊመስን (ሌላውን ኩላሊቱ እንዳይገፋ የሚከላከል መድኃኒት) አንድም ቀን ማቋረጥ የለበትም። ትኩሳት ከተሰማም እስከ ነገ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይሂዱ።