መልስ፦ መስመር ሲቋረጥ የሚወድቀው የፒንግ ቴስት
«ደብረ ብርሃን ላይ ኔትወርክ በተቋረጠ ቁጥር የፒንግ መለኪያዬ ዩኒት ቴስት ይወድቃል» ላልከው ወንድሜ፣ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም፣ የኮድህ አደረጃጀት ነው። ፒንግ ትንሽ ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይለካል፤ ዩኒት ቴስት ደግሞ አንዱን የኮድ ክፍል ለብቻው ይፈትሻል። ፓኬት መላኩ፣ ሰዓት ማንበቡና መልሱን መፍታቱ አንድ ፈንክሽን ውስጥ ታጭቀዋል።

መጀመሪያ መልሱን የሚፈታውን ክፍል ለይተህ አውጣ፤ ባይት ተቀብሎ ውጤት ይመልስ፣ ሶኬት (ፕሮግራሙ ከኔትወርክ የሚገናኝበትን በር) አይንካ። ለቴስቱ አንድ እውነተኛ መልስ በቲሲፒደምፕ (የኔትወርክ ፓኬት መቅጃ ፕሮግራም) ያዝና ከፓኬቱ ፊት ያለውን የኢተርኔት ሄደር 14 ባይት ቆርጠህ ፋይል አድርገው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በሊኑክስ ሮው ሶኬት (ፓኬቱን ጥሬውን በሚሰጥ ሶኬት) የአይፒቪ4 ሄደሩ፣ ማለትም ከመልሱ ፊት ያለው የአድራሻ መረጃ፣ አብሮ ይመጣል። ርዝመቱን 20 ባይት ብለህ ቋሚ ቁጥር አድርገህ አትጻፍ፤ ርዝመቱን ለማግኘት የሄደሩን የመጀመሪያ ባይት የታች 4 ቢት በ4 አባዛ።

ሰዓቱንም ፈንክሽኑ ራሱ ከሚያነብ ከውጭ አቀብለው፤ በቴስቱ ሐሰተኛ ሰዓት ትሰጠዋለህ። ሐሰተኛው ሰዓት መጀመሪያ 0፣ ቀጥሎ 42,000,000 ናኖሰከንድ ካለ ውጤቱ ልክ 42 ሚሊሰከንድ ነው፤ በስሊፕ (ፕሮግራሙን ለጊዜው በሚያቆም ትዕዛዝ) መጠበቅ ቀረ። እውነተኛ ፒንግ የሚልከውን ቴስት ለብቻው አስቀምጠው፣ ሮው ሶኬቱ በተለምዶ የሩት (የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ) ፈቃድም ይጠይቃል።