እናቴ ኪኒኗን ጥላ ካናቢስ ልትጀምር ነው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ ማታ ማታ እግሯን ያቃጥላታል ለሱ ጋባፔንቲን ትወስዳለች፣ ለልቧ ደግሞ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ። ቤተክርስቲያን የምታውቃት ሴትዮ እኔ ኪኒን ሁሉ ጥዬ በካናቢስ ጋሚ (ካናቢስ ያለበት የሚታኘክ ከረሜላ) ነው የተገላገልኩት አለቻትና ይኸው ተፈጥሮ ነው እያለች ኪኒኑን አልውጥም ብላ አስቸገረችኝ። እዚህ ሜሪላንድ ሕጋዊ ስለሆነ ገዝቼ ልስጣት? ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ ዘንድሮ ዜግነት ልናመለክትላት አስበናል።

መልስ፦ እህቴ፣ ዋርፋሪኑን በምንም ተአምር እንዳታቋርጥ። ጋሚ ደም እንዳይረጋ አያደርግም፣ ካቆመችው ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። ደርባ ብትወስደውም ችግር አለው፣ ምክንያቱም ካናቢስ ውስጥ ያለው ሲቢዲ የሚባል ንጥረ ነገር ጉበት ዋርፋሪንን የሚሰባብርበትን ኢንዛይም ሥራውን ስለሚያግደው መድሃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀምና አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር) ይወጣል፣ ከዛ መድማት ነው። ተፈጥሮ ነው የሚለውን ደግሞ ተይው፣ ኮሶም ተፈጥሮ ነበር፣ ሲበዛ ግን ዓይን ያጠፋ ነበር።

ሴትዮዋ ዋሸች አልልም። በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች ያወጡት ትልቅ ሪፖርት ካናቢስ ለቆየ ህመም እንደሚረዳ ጥሩ ማስረጃ አለ ብሏል፣ የህመም ኪኒን የቀነሱበትም ብዙ ናቸው፣ ግን እፎይታው ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ጋባፔንቲንም ቢሆን ድንገት አይቆምም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ላብ፣ አንዳንዴ የሚጥል ነገር ሊያመጣ ስለሚችል በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ጋባፔንቲንና ካናቢስ አንድ ላይ ከሆኑ ደግሞ ያፈዛሉ ያንገዳግዳሉ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሴት ማታ ሽንት ቤት ስትሄድ ወድቃ ጭንቅላቷን ብትመታ አስቢው። ጋሚ ቶሎ አይሰራም፣ መስራት እስኪጀምር እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ሊፈጅበት ይችላል፣ ሰው አልሰራም ብሎ ይደግምና ነው ድንገተኛ ክፍል የሚገባው።

ሌላው ዜግነቱ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ፈቅዳለች፣ በፌደራል ሕግ ግን እንደዛ አይደለም፣ ኢሚግሬሽን በ2019 ባወጣው መመሪያ በስቴት ሕጋዊ ቢሆንም መጠቀም "መልካም ሥነ ምግባር" የሚለውን መስፈርት ሊያስጥል ይችላል ብሏል። ቃለ መጠይቅ ላይ ከተጠየቀች መዋሸት የባሰ ነው፣ ስለዚህ አንድ ጋሚ እንኳን ከመቅመሷ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድም ይዛ እንዳትወጣ፣ እዛ ወንጀል ነው።

ለእግሯ ለሐኪሟ የሊዶካይን ፓች ወይ የካፕሳይሲን ቅባት ይሆናት እንደሆነ ጠይቂ። እሷን ደግሞ ጋባፔንቲኑ ምኑ እንዳስጠላት ረጋ ብለሽ ጠይቂያት፣ አናቴን አዞረኝ ካለችሽ መጠኑ በዝቶባት ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ስኳሩ ኩላሊቷን ነክቶ ከሆነ መጠኑ መቀነስ አለበት፣ የኩላሊት ምርመራዋን ዶክተሯ እንዲያዩላት አድርጊ።