ክርስቶስን የሚመስሉ የፊልም ሰዎች፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ በአንድ ወዳጃችን ግቢ፣ ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥረን «ግራን ቶሪኖ»ን አየን። ፊልሙ ሲያልቅ ወበቁ በረድ ብሎ ስለነበር ወደ ቤቱ የቸኮለ ሰው አልነበረም። አንዱ «ይህ ሽማግሌ እኮ ክርስቶስን ነው የሚመስለው» አለና ጨዋታው እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። በቃል ያላዳረስኳቸውን ጥያቄዎች በጽሑፍ እንድመልስ ስለጠየቃችሁኝ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ካስተማርኩትም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በፊልም ካየሁትም ያለኝን ይዤ ቀርቤያለሁ። የፊልሞቹ ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መጨረሻቸውንም ስለምናገር ያላያችሁ ታገሡኝ።

አንድን ገጸ ባሕርይ «ክርስቶስን ይመስላል» የሚያሰኘው ምንድን ነው? (ከሳቢያን)

በመጀመሪያ እንደ 1979ኙ «ጂሰስ» ስለ ጌታ ሕይወት በቀጥታ የተሠሩትን እንለያቸው፤ እነሱ ታሪኩን ራሱን ይተርካሉ። እኛ የምንነጋገረው ስሙም አገሩም ሌላ ስለሆነ፣ ነገር ግን በሕይወቱ ውስጥ የወንጌሉ ጥላ ስላረፈበት ሰው ነው። ከሌላ ስፍራ ይመጣል፣ ይፈውሳል፣ የቅርብ ሰው ይከዳዋል፣ ሳይበድል ይሞታል፣ አንዳንዴም ይነሣል።

ለዚህ ነገር ሊቃውንቶቻችን ድሮውኑ ቃል አላቸው፦ ምሳሌና አማናዊ፤ ምሳሌ ጥላው ነው፣ አማናዊ እውነተኛው። በይስሐቅ ፈንታ የተሠዋው፣ በዕፀ ሳቤቅ ቀንዱ ተይዞ የተገኘው በግ ምሳሌ ነው። ዮናስም ሦስት ቀንና ሌሊት በዓሣ ሆድ በማደሩ የጌታ መቃብር ምሳሌ ሆኗል፤ ከተላከበት ስፍራ መሸሹ ግን ምሳሌ አይሆንም። ምሳሌ ሁልጊዜ ከአማናዊው ያንሳል። ፊልምንም በዚሁ ዓይን ብናየው ብዙ ክርክር ይቀርልናል።

የእኔ መለኪያ አንድ ነው፤ ፈቃድ። ጌታ ነፍሱን ማንም እንደማይወስድበት፣ በፈቃዱ እንደሚያኖራት ተናግሯል። ፊልም ሠሪ ተዋናዩን እጁን አስዘርግቶ መስቀል ማስመሰል ይችላል፤ ያ የካሜራ ሥራ ነው። እኔ የምጠይቀው፣ ሰውየው ማምለጥ እየቻለ ቀርቷልን? የቀረውስ ለማን ብሎ ነው? የሚለውን ነው።

እንግዲያው የቅዳሜው ሽማግሌ ተሳዳቢ፣ ጎረቤቶቹን በዘራቸው የሚንቅ ሰው ነው። ይህ እንዴት ክርስቶስን ይመስላል? (ከለገሃሬ)

በጠባዩ አይመስልም። ዋልት በኮሪያ ጦርነት የገደላቸው ሰዎች የሚያባንኑት መራራ አዛውንት ነው። የመጨረሻውን ምሽት ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ወጣቱ ጎረቤቱ ታኦ ወሮበሎችን ለመበቀል ሲቸኩል ምድር ቤት ውስጥ ቆልፎበት ብቻውን ይሄዳል። የወሮበሎቹ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሲሰድ ሽጉጥ የሚያወጣ መስሏቸው በጥይት ይደበድቡታል። ይዞት የነበረው ግን የሲጋራ መለኮሻ ብቻ ነው። እጆቹን ዘርግቶ ይወድቃል፤ ጎረቤት ሁሉ አይቷልና ገዳዮቹ ይታሰራሉ፤ ልጁም ከነፍስ ግድያ ይድናል።

ያን ሁሉ ዘመን ጠመንጃ ሲወድር የኖረ ሰው በመጨረሻው ሰዓት ባዶ እጁን ሄደ። እኔን የሚነካኝ ይህ ነው። ልዩነቱንም ፊልሙ ራሱ አልደበቀውም፤ ዋልት ከመሄዱ በፊት ወጣቱ ቄስ ዘንድ ገብቶ ይናዘዛል። ጌታ የሚናዘዘው ኃጢአት አልነበረበትም።

ኒዮስ? «ዘ ማትሪክስ»ን የመጽሐፍ ቅዱስ ፊልም ነው የሚሉ አሉ። (ከሐረር)

የ1999ኙ «ዘ ማትሪክስ» ምልክት የሞላበት ነው። ኒዮ የተጠበቀው፣ የተመረጠው ሰው ነው። ጓደኛው ሳይፈር ለአንድ ቁራጭ ስቴክና ለምቾት ኑሮ ብሎ ባልንጀሮቹን ይሸጣል፤ ሠላሳውን ብር ያላስታወሰ ተመልካች ያለ አይመስለኝም። በመርከባቸው ላይ የተለጠፈውን ብረት ደግሞ ፊልሙን አቁማችሁ አንብቡት፤ «ማርክ 3፣ ቁጥር 11» ይላል። ማርቆስ 3፥11ን ብትገልጡ፣ ርኩሳን መናፍስት በፊቱ ተደፍተው የእግዚአብሔር ልጅ ነህ እያሉ ሲጮኹ ታገኛላችሁ። ኒዮም በጥይት ተመትቶ ሞቶ ይነሣል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር አይዋጥልኝም። የተያዘውን መሪያቸውን ሞርፊየስን ለማስፈታት ወደ ሕንፃው ሲገባ፣ በሩ ላይ የቆሙትን ጠባቂዎች በጠመንጃ እየረፈረፈ ነው። ጌታ ጴጥሮስን ሰይፍህን ወደ ሰገባው መልስ ብሎታል። ምልክቱ ተሟልቶ መንገዱ የተለየ ፊልም አድርጌ ነው የማየው።

ልጆቼ ሱፐርማንን ይወዳሉ። ክርስቶስን ያሳያቸዋል ወይስ ያምታታባቸዋል? (አንዲት እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

እህቴ፣ አጠገባቸው ሆነሽ ካየሽ አያምታታም። በ2013ቱ «ማን ኦፍ ስቲል» ሱፐርማን ምድር ላይ 33 ዓመት እንደኖረ ይናገራል። ራሱን አሳልፎ ከመስጠቱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሲቀመጥ ከኋላው ባለው የመስታወት ሥዕል ላይ ጌታ በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ይታያል። ነገር ግን ሱፐርማንን በ1938 ለንባብ ያበቁት ሁለት አይሁዳውያን ወጣቶች ናቸው። ከሚጠፋ ወገን መካከል በትንሽ መርከብ ተጭኖ በባዕዳን እጅ ያደገው ሕፃን ከሙሴ ቅርጫት ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። ለልጆችሽ ሁለቱንም ታሪክ ንገሪያቸው።

ካየሃቸው ሁሉ ያስለቀሰህ የትኛው ነው?

ጆን ኮፊ፤ «ዘ ግሪን ማይል»፣ 1999። በእንግሊዝኛ የስሙ መነሻ ፊደላት ከኢየሱስ ክርስቶስ ጋር አንድ ናቸው፤ ይህ ግን ትንሹ ነገር ነው። ግዙፍ ጥቁር ሰው ነው፤ ሁለት ሕፃናት ገደለ ተብሎ ሞት ተፈርዶበታል። እርሱ ግን አስከሬናቸውን ታቅፎ ሊያድናቸው ሲታገል ነው የተያዘው። በእስር ቤቱ ውስጥ የሌላውን ሕመም ወደ ራሱ ስቦ እያስገባ ይፈውሳል፤ በፈወሰ ቁጥር እርሱ ይታመማል። «ደዌያችንን ተቀበለ» የሚለውን የኢሳይያስ ቃል እንዲህ በሥጋ ያሳየኝ ፊልም የለም። ንጹሕነቱን ያወቀው የወህኒ ኃላፊ ላስመልጥህ እንዴ ሲለው እንቢ ይላል። በኤሌክትሪክ ሊገደል ወንበሩ ላይ ሲቀመጥም ጨለማ እፈራለሁና ፊቴን አትሸፍኑኝ ብሎ ይለምናል። ያንን ትልቅ ሰውነት ይዞ እንደ ሕፃን ጨለማ መፍራቱን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ሌሎችም ተናግረውታል። ጥቁሩ ሰው የራሱ ቤተሰብም ታሪክም የለውም፤ ሙሉ ሥራው ነጮችን ፈውሶ መሞት ነው። ጌታ እናት ነበረው፣ ወዳጆች ነበሩት፣ በአልዓዛር መቃብር ላይ አልቅሷል። ለኮፊም ይህ ሊነፈገው አይገባም ነበር።

እኔ ሙስሊም ነኝ። እነዚህን ፊልሞች ከእናንተ ጋር ሳይ ምን ብዬ ልያቸው? (ከመጋላ)

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አከብራለሁ። በእናንተ እምነት ዒሳ ከድንግል መርየም የተወለደ ታላቅ ነቢይ ነው፤ ቁርኣን ግን አልተሰቀለም ይላል። ይህን ልዩነት ፊልም አይሸፍነውም፤ እኛም ለመሸፈን አንሞክርም። ነገር ግን ለልጅ ምትክ የተሰጠውን በግ አንተም በዒድ አል-አድሃ ታስበዋለህ። ስለ ሌላው ራሱን የሚሰጥ ሰው ስታይ ከዚያ ተነሥተህ ተመልከተው።

ፊልም ሠሪዎቹ አስበውበት ነው ወይስ እኛ ነን የምንጨምርበት?

ይለያያል። «ኢ.ቲ.» በ1982 ሲወጣ ፈዋሹን፣ ሞቶ የተነሣውንና ወደ ላይ ያረገውን ፍጡር አይተው ብዙዎች ክርስቶስን አሰቡ፤ ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ግን አይሁዳዊ ነው። የናርንያው አንበሳ አስላን ደግሞ በ1950 በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ሲ. ኤስ. ሉዊስ አስቦበት የጻፈው ነው፤ ፊልሙ በ2005 ወጣ። አስላን የሚሞተው ወንድሙንና እህቶቹን ለጣፋጭ ምግብ ስለ ከዳ ልጅ ነው። ስለ ከሃዲ መሞት! ከእኔ መለኪያ ጋር በጣም የሚገጥመው እርሱ ነው።

የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ቶልኪን ደግሞ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። በመጽሐፉ ክፉው ቀለበት የሚጠፋው ማርች 25 ቀን ነው። በጁልያን አቆጣጠር ይህ ቀን የእኛ መጋቢት 29 ነው፤ የጌታን ጽንሰት የምናከብርበት። ቀለበቱን ሊያጠፋ የተሸከመው ፍሮዶ ግን በመጨረሻዋ ሰዓት ተሸንፎ ቀለበቱ የእኔ ነው ብሏል፤ ስለዚህ እርሱን እኛን ይመስላል እላለሁ።

ልጄ፣ እኔ የእንግሊዝኛ ፊልም አላውቅም። ያ በሕንድ ፊልም ድልድይ ላይ የሞተውስ? (እማማ፣ ከከዚራ)

እማማ፣ «ሾሌ»ን ነው የሚሉኝ፤ የ1975ቱን። ጄይ ሽፍቶቹን ሲተኩስባቸው ይሞታል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል አይገጥምም። ሳንቲሙን ግን ያስታውሱታል? እርሱና ጓደኛው ቪሩ የሚወስኑትን ሁሉ ሳንቲም ወርውረው ነበር። ጥይት ባለቀባቸው ሰዓት ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ ብለው ወረወሩ፤ ዕጣው ጄይ ይቅር አለ፤ ቪሩም እምቢታው ሳይሰማለት ሄደ።

እኔ ያየሁት መጋላ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን ነው። ተርጓሚያችን አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን እያፈራረቀ አንድም ቃል አያስመልጥም ነበር። ጄይ ከሞተ በኋላ ቪሩ ሳንቲሙን አንሥቶ አገላበጠው፤ ሁለቱም ፊቱ አንድ ዓይነት ነው። ዕጣ አልነበረም፤ ጄይ ከመጀመሪያውም መርጦ ነበር። ተርጓሚው እዚያ ላይ ሲደርስ ዝም አለ፤ እኛም እንዲተረጉምልን አልጠየቅነውም።